ያልለካሁት ሚሊሜትር

ስህተቴ ካንሰሩን አለማየቴ አይደለም። አይቼዋለሁ። ከፊንጢጣው በር ሰባት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሬክተሙ የፊት ግድግዳ ላይ ነበር፤ ሪፖርቴም ይህንኑ ይላል። የግድግዳውን ጡንቻ አልፎ ወደ ዙሪያው ስብ መውጣቱን ጽፌያለሁ። በስቡ ውስጥ አንድ ሁለት ትንንሽ ንፍፊቶች እንዳሉ ጽፌያለሁ። «ፕሮስቴትና የሽንት ፊኛ አልተነኩም» ብዬም ጨምሬያለሁ። ከሥሩ ፊርማዬና ማኅተሜ አለ። ያን ወረቀት ያነበበ ሰው «ይቺ ሐኪም ሥራዋን አልሠራችም» የሚል አይመስለኝም። ያላደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ አልለካሁም። ቀዶ ሐኪሙ ደውሎ ሲጠይቀኝ ደግሞ፣ የለካሁ መስዬ መለስኩለት።

ሙያው ለራቀው አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሬክተም የምንለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻው 15 ሴንቲሜትር ግድም ነው። ያለው በዳሌ አጥንት መካከል፣ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ በወንድ ከፊቱ የሽንት ፊኛና ፕሮስቴት፣ በሴት ማህፀን ይጎራበቱታል። ዙሪያውን ስብ ከቦታል፤ የደም ሥሮቹና ንፍፊቶቹ ያሉት እዚያ ስብ ውስጥ ነው። ስቡን ደግሞ ከውጭ አንድ ስስ ሽፋን ጠቅልሎ ይዞታል፤ ፋሺያ እንለዋለን። ካንሰሩ የአንጀቱን ግድግዳ ሲበሳ መጀመሪያ የሚገባው ወደዚህ ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ስቡን ከነሽፋኑ፣ ሳይቀድዱና ሳይቆራርጡ፣ ከሬክተሙ ጋር አንድ ላይ ማውጣት። ከዚያ በፊት ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ዳሌው ውስጥ እጃቸውን አስገብተው በዳበሳ ይለያዩት ነበር፤ ከስቡም ከካንሰሩም እየቀረ በሽታው ይመለስ ነበር።

በ1986 ደግሞ ሊድስ ላይ ፊል ኩዊርክ የተባለ ፓቶሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ተቆርጦ የወጣውን አንጀት ዙሪያውን በጥንቃቄ እየከተፈ መረመረ። ከ52 ሕመምተኞች በ14ቱ ካንሰሩ የተቆረጠው ጠርዝ ድረስ ወጥቶ ተገኘ። ከእነዚያ 14 ሰዎች በ12ቱ ላይ በሽታው እዚያው ዳሌ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ጠርዙን፣ እኛ ማርጂን የምንለውን፣ አይረሳውም። ዛሬ ከጠርዙ አንድ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ርቀት ላይ ያለ ካንሰር፣ ጠርዙን እንደነካ ይቆጠራል።

የእኛ የራዲዮሎጂስቶች ሥራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያ ስስ ሽፋን፣ ቀዶ ሐኪሙ የሚቆርጥበት ጠርዝ፣ በሲቲ ስካን እንደልብ አይታይም። በኤምአርአይ ግን፣ በትክክል ከተነሣ፣ በነጩ ስብ መካከል ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሰውየው ገና ሳይቀደድ በካንሰሩና በዚያ መስመር መካከል ስንት ሚሊሜትር እንዳለ መለካት ይቻላል። በ2001 ሬጂና ቤትስ-ታንና የማስትሪኽት ባልደረቦቿ ይህን ላንሴት ላይ አሳተሙ። በ2006 የወጣው መርኩሪ የተባለው ጥናት ደግሞ፣ ያኔ በሮያል ማርስደን የነበረችው ራዲዮሎጂስት ጂና ብራውን ግንባር ቀደም የሆነችበት፣ 408 ሕመምተኞችን ከተለያዩ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ሰብስቦ አየ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጠርዛቸው ንጹህ ሆኖ ከተገኙት 354 ሰዎች ውስጥ 327ቱን ኤምአርአዩ አስቀድሞ «ንጹህ ይሆናል» ብሏቸው ነበር። 92 በመቶ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለሬዚደንቶች ሌክቸር ሰጥቼበታለሁ፤ የጥቁሩን መስመር ሥዕል በቾክ ሠሌዳ ላይ ሥያለሁ። አላዋቂነት ቢሆን ኖሮ ኑዛዜ ባላስፈለገው፤ አንብቤ እመጣ ነበር።

መምህሩ (በዚህ ልጥራቸው፤ ሥራቸው ማስተማር ነበር) አርባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ደም ማየት ከጀመሩ ከርመዋል። አገራችን ውስጥ እንደሚሆነው ሁሉ፣ «ኪንታሮት ነው» ተብለው ቅባት ተቀብተዋል፣ ቅጠል ታጥነዋል። አንድ የጤና ባለሙያም ሳይመረምራቸው ያንኑ ኪንታሮት ጽፎ መድኃኒት ሰጥቷቸዋል። በጣት መመርመርን ሐኪሙም ያፍረዋል፣ ታካሚውም ያፍረዋል፤ በዚያ እፍረት መካከል ካንሰሩ ያድጋል። ኋላ ላይ ሴት ልጃቸው ጎትታ ኮሎኖስኮፒ አስደረገቻቸው። ባዮፕሲው ካንሰር አለ፤ ወደ እኛ ለኤምአርአይ ተላኩ።

በዚያ ቀን የማሽኑ ወረፋ ተደራርቦ ነበር። ለመተኛት ማደንዘዣ የተሰጠው ሕፃን ውጭ ይጠብቃል፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ከድንገተኛ ክፍል እየመጣ ነው። ራዲዮግራፈሩ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «ዶክ፣ የሬክተሙን ፕሮቶኮል ልሥራላቸው ወይስ የዳሌውን?» አለኝ።

ልዩነቱን ልጁ በደንብ ያውቃል። የዳሌው የተለመደው ነው፤ ሰፋ አድርጎ፣ ወፈር ባለ ስላይስ፣ በቀጥታ አግድም ያነሣል። የሬክተሙ ግን ጊዜ ይበላል። ስላይሱ 3 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የሚነሣው ቦታ ይጠብባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስሉ ካንሰሩ ካለበት የአንጀት ክፍል ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ ተደርጎ ይዘነበላል። ለዚህም ራዲዮግራፈሩ መጀመሪያ የጎኑን ምስል አንሥቶ፣ ካንሰሩ የት እንደተኛ አይቶ፣ መስመሩን በእጁ ማስተካከል አለበት። ብዙ ጊዜም «ዶክ፣ ና እይልኝ» ወይም «ነይ እዪልኝ» ብሎ ይጠራል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ ለሚል፦ ካሮት ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ ክብ ይሆናል፣ በሰያፍ ሲቆረጥ ሞላላ። ሬክተም ዳሌ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይታጠፋል። ያለማዘንበል ከተነሣ ግድግዳውም ስቡም በሰያፍ ይቆረጣል፤ ካንሰሩና መስመሩ ይደበላለቃሉ፤ የሌለ መነካካት ይታያል፣ ያለው ደግሞ ይሰወራል። በፊት በኩል ሲሆን ይብሳል፤ እዚያ ጋ ስቡ ከመጀመሪያውም ስስ ነው።

«የዳሌው ይበቃል» አልኩት።

ልጁ ትንሽ ቆም አለ። ከዚያ «እሺ» ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ ሳስበው እኔን መከራከር የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ ግን ጥፋቱን ወደ እሱ ማዞሬ ነው መሰለኝ፤ ይቅር።

ሪፖርቱን የጻፍኩት ማታ ነው። ከተለመደው ቅጽ ላይ የቀደመውን ሰው ስም አጥፍቼ፣ የሚቀየረውን ቀይሬ። ስለ ጠርዙ አንድም ቃል የለበትም። ውሸት የለበትም ማለት ነው፤ ይህንን ለራሴ ብዙ ጊዜ እንደ መከላከያ ተጠቅሜበታለሁ።

ቀዶ ሐኪሙ የደወለው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። አብረን የተማርን፣ ለሥራው የሚጨነቅ ሰው ነው። ሪፖርቱ ላይ የጎደለውን አይቶታል።

«ስሚ፣ የመምህሩ ነገር። ፊት ለፊት ነው ያለው። ማርጂኑ እንዴት ነው?»

የሌላ ሰው የጭንቅላት ምስል ተከፍቶ ፊቴ ላይ ነበር። እሱን ዘግቼ የመምህሩን መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቢከፈት ግን ምን እንደማይ አውቄያለሁ፦ ወፍራም ስላይስ፣ ያልተዘነበለ፣ ለጥያቄው መልስ የማይሰጥ ምስል። ከዚያ «ፕሮቶኮሉን አላሠራሁም፣ ሰውየውን መልሳቸው» ማለት ሊኖርብኝ ነው።

«ክሊር ነው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ክሊር ነው አልኩህ እኮ።»

በድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበረ፤ ለምን እንደሆነም ገብቶኛል። ጠርዙ ንጹህ ከሆነና ካንሰሩ ወደ ስቡ የወጣው ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ፣ በቀጥታ መቅደድን የሚመርጡ ሐኪሞች በአውሮፓም ብዙ ናቸው። ጠርዙ ካሰጋ ግን መጀመሪያ ጨረርና ኬሞ፣ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ጠብቆ መቅደድ ነው መንገዱ። እኛ አገር ጨረር ማለት ወረፋ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። በኋላ ሌሎች ማዕከላት ቢከፈቱም ከየክልሉ የሚመጣውን ሰው ቁጥር የሚመጥን አልሆነም። ታካሚውን ወደዚያ ሰልፍ መላክ ለቀዶ ሐኪም ቀላል ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ ባልደረባዬ «ንጹህ ነው» የሚለውን መስማት ይፈልግ ነበር። እኔም ሰጠሁት።

ቀዶ ሕክምናው በደንብ ተሠራ፤ ይህን የምለው እሱን ለማስደሰት አይደለም፤ ፓቶሎጂስቱ ሽፋኑ ሳይቀደድ እንደወጣ ጽፏል። በዚያው ወረቀት ላይ ዝቅ ብሎ ግን ካንሰሩ የፊተኛውን ጠርዝ መንካቱ ተጽፏል።

የመምህሩን ምስል የከፈትኩት ያኔ ነው። በሩን ዘጋሁ፤ መብራቱን አጠፋሁ። አንዱ ስላይስ ላይ ጥቁሩ መስመር ከፊት በኩል ይታያል፤ ካንሰሩ ከሱ ራቅ ያለ ይመስላል። የሚቀጥለው ላይ መስመሩ ይደበዝዛል። ሦስተኛው ላይ ግራጫ ብቻ ነው፤ የትኛው ካንሰር፣ የትኛው ሽፋን፣ የትኛው የፕሮስቴት ጫፍ እንደሆነ የሚለይ የለም። መለኪያውን ወስጄ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ሳብኩት፤ በፈለግኩት ቁጥር ልክ ይወጣልኝ ነበር። «ነክቷል» ብዬ መጻፍ አልችልም ነበር፤ «አልነካም» ብዬም አልችልም። ለባልደረባዬ ጥያቄ እውነተኛው መልስ «አላውቅም፣ መልሳቸውና እንደገና ላንሣቸው» ነበር። መምህሩ በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ነበሩ። በታክሲ መጥተው ይሄዱ ነበር።

ለባልደረባዬ በዚያው ቀን ነገርኩት። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። «ተይው፣ እኔም በጣቴ መርምሬ ይንቀሳቀሳል ብዬ ነበር» አለኝ። ጥፋቴን ከእኔ ጋር ሊካፈል ፈልጎ ነው፤ ደግነቱ ይገባኛል። ግን የሱ ጣት የሱ ነው፤ ስልኩ ላይ የሰማው የእኔን ቃል ነው።

ለመምህሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጨረርና ኬሞ ታዘዘላቸው፤ ወረፋውን ያኔ ተሰለፉ። ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የሥርዓት ጉዳይ አይደለም። በ2004 የወጣው የጀርመኖች ጥናት ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር፦ በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ዳሌ ውስጥ የተመለሰው ጨረሩን ከቀዶ ሕክምና በፊት በወሰዱት 6 በመቶ፣ በኋላ በወሰዱት 13 በመቶ ላይ ነው። በኋላ የወሰዱት ላይ የጨረሩ ጉዳትም በርትቷል። እኔ መምህሩ በሌላው መንገድ ቢሄዱ ኖሮ ይድኑ ነበር ማለት አልችልም። ማንም አይችልም። የቁጥሩን ልዩነት ለራሴ ማሳነስም አልፈልግም።

ካንሰሩ ተመለሰ። ዳሌያቸውን ማመም ሲጀምር እንደገና ለኤምአርአይ ወደ እኛ መጡ፤ በዚህ ጊዜ ፕሮቶኮሉን እኔ ራሴ ማሽኑ ጋ ቆሜ አሠራሁ። ጥርት ያለ ምስል ወጣ። ካንሰሩ ከፊት፣ ድሮ ግራጫ የነበረው ቦታ ላይ ነው።

ልብሳቸውን ለብሰው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። በአንድ ጎናቸው ተደግፈው ነው የተቀመጡት፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያማቸዋል። በሆዳቸው ላይ ያለውን የሰገራ ከረጢት በጋቢ ሸፍነውታል። ሴት ልጃቸው አጠገባቸው አለች።

«ዶክተር፣ ይሄ ነገር በፊተኛው ፎቶ አልታየም ነበር እንዴ?» አሉኝ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ አስተማሪ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁኝ።

«በዚያን ጊዜ ምስሉ ጥርት ብሎ አልወጣም ነበር» አልኳቸው።

«ማሽኑ ነው?»

«ማሽኑም አለበት።»

«ይሁን። እናንተማ ምን ታደርጉ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

የስልኩ «ክሊር ነው» በችኮላና በኩራት ያልኩት ነው። ይህኛውን ግን ቆሜ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ቃላቱን መርጬ ነው ያልኩት። «ምስሉ አልወጣም» ብዬ፣ ያላወጣሁትን እኔን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አውጥቼ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ይሄኛው እለዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሬክተም ኤምአርአይ ሪፖርት ቅጽ አውጥቻለሁ። ካንሰሩ ከፊንጢጣ በር ስንት ሴንቲሜትር ነው፤ ከጡንቻው ውጭ ወደ ስቡ ስንት ሚሊሜትር ወጣ፤ ከግድግዳው ውጭ ያለ የደም ሥር ውስጥ ገብቷል ወይ፤ ከፋሺያው ስንት ሚሊሜትር ይርቃል፣ በስንት ሰዓት አቅጣጫ። ምስሉ በትክክል ካልተነሣ የመጨረሻው ቦታ ላይ «መለካት አልተቻለም፣ ይደገም» ተብሎ ይጻፋል። ሬዚደንቶቹ አንዳንዴ ይነጫነጫሉ፤ ራዲዮግራፈሮቹ ደግሞ ወረፋው ሲረዝም ያኮርፉኛል። ቅጹ ጥሩ ቅጽ ነው። ለመምህሩ ግን ምንም አላደረገላቸውም።

መምህሩ ያረፉት በዓመቱ ነው። ሁዳዴ ውስጥ ለንስሐ አባቴ ነገሩን ስነግራቸው፣ ስለ ጨረሩም ስለ ፋሺያውም አልጠየቁኝም። «ለሰውየው ነግረሻቸዋል?» አሉኝ።

«ሞተዋል፣ አባ።»

«ልጅ የላቸውም?»

ከባልደረባዬ ስልኳን ወስጄ ለልጃቸው ደወልኩ። መጀመሪያ ያወራሁት ስለ ምርመራ ነው፤ እዚያም ላይ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ። አባት በአርባ ስምንት ዓመቱ ይህ ካንሰር ከተገኘበት፣ ልጆቹ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ኮሎኖስኮፒ መጀመር እንዳለባቸው፣ ደም ካዩ ግን ዕድሜ እንደማይጠበቅ ነገርኳት። ወንድሟ ከጥቂት ወራት ወዲህ ደም እያየ፣ «ኪንታሮት ነው» እያለ እምቢ እንዳላት ነገረችኝ። «ዛሬውኑ ውሰጂው» አልኳት። ከዚያ ሌላውን ነገርኳት፤ የዳሌው ይበቃል ማለቴን፣ ስልኩን፣ ኮሪደር ላይ ማሽኑን መወንጀሌን።

«አባቴ ማሽኑ ነው ብሎ ነው የሞተው» አለችኝ።

«አዎ።»

«ለምን አሁን ይነግሩኛል?»

ቀድሜ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ስትጠይቀኝ ግን የሚነገር ሆኖ አላገኘሁትም። «ያኔ መንገር ነበረብኝ» አልኳት።

«ወንድሜን እወስደዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ኤምአርአይ ካስፈለገው ግን እርስዎ እንዳያነቡት።»

እሺ አልኳት። የሌላ ሆስፒታል ራዲዮሎጂስት ስም ነገርኳት፤ ስልኩን እየጻፈች ቁጥሩን አንድ በአንድ አስደገመችኝ።